ላሽ የተባልሽ ቀን

ለቡ መብራት ኃይል
ነሐሴ 3 ቀን 2016 ዓ.ም

ሐሚዳዬ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ወንድምሽ ኢስማኢልስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ያው እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ታክሲ እጋፋለሁ ማለቴ ነው።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሱልጣን ደብዳቤሽን ከሰጠኝ አሥር ቀን ሆነው። ጀሞ ላይ ሚኒባሱን አቁሞ «ከቡታጅራ እዚህ ድረስ ተሸክሜያታለሁ፤ መልሷን መቼ ልውሰድ?» ሲለኝ «ነገ» አልኩት። ነገ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገ። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ቀድጃለሁ። ስልክሽ ጭቃ ውስጥ ወድቆ መቅረቱ አሳዘነኝ፤ በወንድምሽ ስልክ እንዳልደውልልሽ የነገርሽኝም ገብቶኛል። ቤተሰብሽ «ፋብሪካው ለክረምት ተዘግቷል» ያልሽውን አምነው ከተቀመጡ እኔ ምን በወጣኝ አፈርሰዋለሁ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የሥራ ልምድ ወረቀቱን አላገኘሁልሽም። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ ለጸሐፊዋ ለቲና ነገርኳት፤ ሐሚዳ አገሯ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ልትቀጠር ነው፣ ወረቀት ትፈልጋለች አልኳት። ፋይልሽን አወጣችና ዓይኗን ጣል አደረገችበት።

«ይቺማ ጥላ የሄደች ናት» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ላሽ ብለዋት አይደል እንዴ!»

«እዚህ ላይ እንደዚያ አይልም። አንብቢው።»

አነበብኩት። «ሠራተኛዋ ከሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ፈቃድ ለአምስት ተከታታይ የሥራ ቀናት ከሥራ ገበታዋ በመቅረቷ የሥራ ውሏ ተቋርጧል» ይላል። ማኅተም አለበት፤ የምርት ኃላፊው የአቶ አስረስ ፊርማም አለበት። ይኸው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሰንብቶ ነበር ለካ፤ እኛ ስንወጣ ስንገባ ማን ሰሌዳ ያያል። ጥሎ ለሄደ ሰው ደግሞ የሥራ ልምድ እንዲህ በቀላሉ አይጻፍም አለችኝ።

ይህን እንዴት እንደምነግርሽ ስላላወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። አትናደጂብኝ። በቦታሽ ማን እንደተተካ ለጠየቅሽኝ፣ ሰው ተተክቷል፤ ሥራው ቆሞ አይጠብቅም መቼም።

ፍራሽሽን ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። መብራት ጠፍቷል፤ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ነው የምጽፈው።

ማርቲ

———

ቡታጅራ አካባቢ
ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም

ማርቲ፣

አሰላሙ አለይኩም። እናቴ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ኢስማኢልም ደህና ነው፤ ፋብሪካው መቼ እንደሚከፈት በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥላ ሄደች? እኔ? ሁለት ዓመት ስሠራ ወባ ይዞኝ እንኳ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። አንቺ ምስክሬ ነሽ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የኖርነው።

ተናደድሽብኝ ወይ ብለሻል። ባንቺ አይደለም። አሁን ግን ያን ቀን ከሥር ከመሠረቱ ላስታውሰው። ማክሰኞ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሰውዬ ዩኒፎርሙን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሸሚዙን አነሣሁና «አንገቱ ጠቧል፤ ሲቆረጥ ነው የተበላሸው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላት አያስገባም» አልኩ። ለአቶ አስረስ ብቻ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ሰውዬው ግን ሰማ። አቶ አስረስ ፊቱ ቀላ። ሠላሳ ሰው እየሰማ «ላሽ በይ!» አለኝ፤ በእጁም በሩን አሳየኝ።

እኔ ከተማ ሁለት ዓመት ብኖርም የመንገዱን አማርኛ ገና አልጨረስኩትም። ላሽ የሚለውን ከታክሲ ረዳትና ከጀሞ ልጆች ነው የምሰማው። ሲሰለቻቸው ላሽ በለን ይላሉ፤ ራሳቸው ሲሄዱም ላሽ አልኩ ይላሉ። ከሥራ ለተባረረ ሰውም ላሽ ተባለ ይላሉ። የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ለዚህ ነው መታጠቢያ ቤት ድረስ ተከትለሽኝ ስትመጪ «ማርቲ፣ ይሄ ሰውዬ ላሽ በይ ያለኝ ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» ብዬ የጠየቅኩሽ። «ለሁልጊዜ ነው፤ ሂጂ፣ ሰው ፊት አታልቅሺ» አልሽኝ። አላለቀስኩም። ልብሴን አንቺው አጣጠፍሽልኝ፤ በማግስቱ ጠዋት በሱልጣን መኪና መጣሁ።

አሁን እነሱ «ቀረች» ካሉ ቃሉ ለዛሬ ብቻ ነበር ሊሉ ነው? እስቲ ሰው ጠይቂልኝ፤ ቃሉ በእርግጥ ምን ማለት ነው? ከየት የመጣ ነው? ሕግ ፊት ቢቀርብ ምን ይባላል? የምቀልድ አይምሰልሽ። ነገሩ ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ የቆመ ስለመሰለኝ ነው።

በቦታዬ የተተካው ሰው ማን እንደሆነም አልነገርሽኝም።

ሐሚዳ

———

ለቡ መብራት ኃይል
ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም

ሐሚዳዬ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫ በሰላም አደረሰሽ። ከነቤተሰብሽ የጤና ዓመት ይሁንልሽ።

አሁንም ዘገየሁ፤ ይቅርታ። ሰሞኑን መቀመጥ አልቻልኩም። እንጀራ ልግዛ ብዬ ወጥቼ ላፍቶ ድረስ በእግሬ ሄጄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ቤት አከራያችን እትዬ ትሩፋት «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይወጋሻል እንዴ?» አሉኝ።

ስለ ቃሉ ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ የጠየቅኩት አቶ አስረስን ነው፤ ጠየቅኩት ከምል ጠራኝ ብል ይሻላል። ቲና ፋይልሽን ማየቴን ነግራዋለች መሰለኝ።

«ልጅቷ ልትከሰን ነው እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

«እኔ አባርሬያታለሁ? ወረቀት ሰጥቻታለሁ? ላሽ አልኳት፤ ላሽ ማለት ተይው ማለት ነው። ሸሚዙን ተይው፣ ከሰውዬው ፊት ዞር በይ ነው ያልኳት። ካላመንሽ ጋሽ ገብረ መድኅንን ጠይቂ፤ ጣሊያን ጋ የሠሩ ሰው ናቸው።»

ጋሽ ገብረ መድኅንን መቼም አትረሺያቸውም፤ የስፌት መኪናዎቹን የሚጠግኑት ሽማግሌ። ስጠይቃቸው የአንዱን መኪና ቀበቶ እያጠበቁ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። ቃሉ የጣሊያን ነው ይባላል፤ እሳቸውም ወጣት ሆነው ጋራዥ ሲሠሩ ከጣሊያን አፍ ሰምተውታል። ጣሊያኑ «ላሻ» ይላል፤ ልቀቅ፣ ተወው እንደማለት ነው አሉ። «ጌታው ስለ ዕቃ የሚናገረውን እኛ ለሰው አደረግነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው «ለምን ጠየቅሽኝ?» አሉ። ነገርኳቸው። «ችሎት ከጠሩኝ የማውቀውን እናገራለሁ» ብለው ወደ ቀበቷቸው ተመለሱ።

እንግዲህ መነሻው እንደ አቶ አስረስ አባባል ሆነ። ይህን ልጽፍልሽ አልፈለግኩም ነበር። ግን ጠየቅሽኝ፤ የሰማሁትን ነገርኩሽ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። እዚህ አራት ዓመት ስሠራ አቶ አስረስ ላሽ ብሎት ተመልሶ የመጣ ሰው አላየሁም። ባለፈው ዓመት ልብስ ተኳሹን በንቲን፣ ከዚያ በፊት ሁለቱን ቆራጮች ላሽ አላቸው፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። እኔ ጋ ቃሉ ይሄ ነው።

ሐሚዳ፣ ባትከሺ ምን ይመስልሻል? ችሎት መመላለስ አድካሚ ነው። ያንን ልብስ ሰፊ በሌላ መንገድ ብታሳምኚው አይሻልም? ክፉ አስቤ አይደለም።

ማርቲ

———

ቡታጅራ አካባቢ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም

ማርቲ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ለመስቀል የሠፈሩ ሰው ሁሉ ገብቷል፤ ጎረቤት እየተጠራሩ ነው፤ እኛንም ጠርተውናል።

ምክርሽን አነበብኩት። አልሆነልኝም። ክሱን ካስገባሁ ሳምንት ሆነኝ።

ኢስማኢል አውቆብኛል። ሱልጣን ነው ያወጣብኝ፤ ክፉ አስቦ ሳይሆን «እህትህን ምነው እንደዚያ በሰው ፊት አዋረዷት» ብሎት። ኢስማኢል ሲገባ በርበሬ አስጥቼ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀምጦ ከስጡ እፍኝ አነሣና እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ።

«የዋሸሽኝ ምን አደርግሻለሁ ብለሽ ነው?» አለኝ።

«አልቻለችም ተመለሰች እንዳትሉኝ ነው» አልኩት።

«ሸሚዙ ጠባብ ነበር?»

«ጠባብ ነበር።»

«እንግዲያው ተነሺ» አለ። በማግስቱ አብረን አዲስ አበባ ሄድን። አንቺ ጋ አልመጣሁም፤ ውለን ማታውኑ ተመለስን። በነጻ የሚረዱ ጠበቆች ዘንድ ልዑልቃል የሚባል ሰው አገኘን። ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ሦስት ወር ነው ያለኝ፤ ቀኑ ሊያልፍብኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ክሱን ጽፎ አስገባልኝ። ቀጠሮው ለታኅሣሥ 3 ነው።

«ስትባረሪ ማን ሰማ?» አለኝ። ሠላሳ ሰው ሰምቷል አልኩት። «ከሠላሳው ለአንቺ የሚናገር ስንት ነው?» አለኝ። ያንቺን ስም ሰጠሁት። ሳልጠይቅሽ በመስጠቴ አፉ በይኝ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ሌላ ስም አልመጣልኝም።

ስለ ጣሊያኑ ቃልም ነገርኩት። «መነሻው የነሱ ከሆነ ትርጉሙን እኛ መያዝ አለብን፤ ምስክርሽ ጠንካራ ናት?» አለኝ። ናት አልኩት።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። በቦታዬ ማን እንደተቀመጠ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ፤ ሁለቴም አለፍሽው። እኔ የነበርኩበት የአንገት ስፌት መስመር አለቃ ማን ሆነ ብዬ መጠየቅ ይህን ያህል ከባድ ነው? ማርቲ፣ ማን ነው?

ሐሚዳ

———

ለቡ መብራት ኃይል
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ሐሚዳ፣

እኔ ነኝ።

ሰላምታውን ከመጻፌ በፊት ይሄንን ልጻፍ ብዬ ነው፤ ከሰላምታው ከጀመርኩ ዞሬ ዞሬ እዚያው እንደምቀር አውቄያለሁ። በቦታሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከሐምሌ 12 ጀምሮ የአንገት መስመር አለቃ እኔ ነኝ።

ያ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቦታው ለአንዳችን መድረሱ አይቀርም ነበር። ሌላ አለ።

አንቺ በሱልጣን መኪና የሄድሽ ዕለት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አቶ አስረስ ወደ መስመሩ መጥቶ «ሐሚዳ የት አለች?» ብሎ ጠየቀ። እንደ ወትሮው ነው የጠየቀው፤ አልተቆጣም። ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ አንድ ቤት እንደምንኖር ያውቃሉ። እኔ «አላውቅም» አልኩ።

ስልክሽ ያን ጊዜ ገና ይሠራ ነበር። ከዓለም ገና እንኳ አላለፋችሁም ይሆናል። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እየነካሁት ዋልኩ። አልደወልኩም። በማግስቱም አልደወልኩም። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና «እሷ ከሌለች አንቺ ያዢው» አለኝ። እሺ አልኩ።

ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ነው ወንበር የሚወጋኝ። እኔ አራት ዓመት ሠርቼ አንቺ በሁለተኛው ዓመትሽ አለቃዬ ሆንሽ። ስፌትሽ ከእኔ ይበልጣል፤ ይሄን ከማንም በፊት አውቄዋለሁ፤ ማወቄ ግን አልጠቀመኝም። ማታ አብረን ሽሮ እየበላን እስቅልሻለሁ፣ ጠዋት ደግሞ አንቺ «ይሄን ፍቺና ድገሚው» ስትዪኝ ሆዴ ይቆስላል። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ «ለዛሬ ነው ወይስ ለሁልጊዜ?» ስትዪኝ እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። «ቆይ ልጠይቅልሽ» ማለት እችል ነበር። የበንቲ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው እንደዚያ ያልኩሽ ብዬ ራሴን ሳታልል ከረምኩ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን «ለሁልጊዜ ነው» ስልሽ አፌ ላይ ቀለለኝ። ይሄው ነው።

ሸሚዞቹን ትምህርት ቤቱ መለሳቸው። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ቢያለብሷቸው አንገቱ አናታቸው ላይ እየቀረ ልጆቹ አለቀሱ አሉ። አንገት በአንገት መፍታቱ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ያንቺን ስም ማንም አላነሣም፤ ሁሉም ግን ያስብ ነበር፤ ይታወቃል።

አሁን የምጠይቅሽ አለኝ። የድርጅቱ ጠበቃ ጠርቶኝ ነበር። እነሱም ምስክር አድርገውኛል። «በማግስቱ ጠይቆሽ ነበር አይደል? እሱን ብቻ ተናገሪ» አለኝ። በማግስቱ ከፈለገሽ አላባረረሽም ሊሉ ነው። እውነቱን ሁሉ ከተናገርኩ ይሄም ይወጣል፤ ክሱን ሊያበላሽብሽ ይችላል። አልጠየቀም ብዬ ብዋሽ ደግሞ አንቺን እጠቅማለሁ፤ ሌሎቹ የሰሙት አሉ ግን። ምን ልበል? ምን ልናገር? አንቺ የምትዪኝን እላለሁ። ዋሺ ካልሽኝም እዋሻለሁ፤ ላንቺ ዕዳ አለብኝ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እስካሁን በየደብዳቤው ለመዘግየቴ ሳጠፋው ኖሬ አሁን ባዶ ሆኖብኛል።

ማርቲ

———

ቡታጅራ አካባቢ
ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም

ማርቲ፣

ሱልጣን ሦስት ጊዜ መልስ ጠይቆኝ ሦስት ጊዜ በባዶው መልሼዋለሁ።

ዋሺልኝ አልልሽም። አንድ ጊዜ ባንቺ ቃል ሄጃለሁ፤ ሁለተኛ በውሸትሽ መመለስ አልፈልግም። የሆነውን እንደሆነው ተናገሪ፤ በማግስቱ መጠየቁንም፣ «አላውቅም» ማለትሽንም፣ ለእኔ ያልሽኝንም። ከተበላሸ ይበላሽ፤ አላህ ያውቃል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐሚዳ

———

ለቡ መብራት ኃይል
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም

ሐሚዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ሐሙስ ዕለት በሰላም ገባችሁ? ኢስማኢልን ሰላም በይልኝ ልል አሰብኩና ሰላምታዬን እንደሚቀበል እርግጠኛ አልሆንኩም።

እኔ የተናገርኩትን አንቺ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ሰምተሻል፤ አልደግመውም። ዳኛው «በማግስቱ ስትጠየቂ አላውቅም ያልሽው ለምንድን ነው?» ሲሉኝ እውነቱን አወጣሁት። «ቦታውን ስለፈለግኩት ነው» ማለት ሠላሳ ሰው ፊት ላሽ ከመባል ይብሳል። አንቺን ላለማየት የችሎቷን ጸሐፊ እጅ ነበር የማየው። ብዕሯ አንድ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ጻፈችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተከትዬሽ ነበር። ነጠላ ጫማሽን ከኋላ እያየሁ ሁለት ደረጃ ያህል ቀርቶኝ ቆምኩ። ኢስማኢል ዞሮ አየኝ፤ አንቺ አልዞርሽም። ዞረሽ ቢሆን ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

አርብ ሥራ ስገባ አቶ አስረስ ምንም አላለኝም። ቲና ግን ከአለቃነት መነሣቴን የሚገልጽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ በቃል አይናገሩም አሁን፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ሆኗል። ቁልፍ የሚተከልበት መኪና ላይ ነኝ። ወቀሳ አይደለም፤ እንድታውቂው ያህል ነው። የሚገርምሽ ነገር፣ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ አልወጋኝም። ሌሎቹ ልጆች ግን አያናግሩኝም። ግማሾቹ ላንቺ አዝነው፣ ግማሾቹ ድርጅቱን አጋለጥሽ ብለው።

አንድ ነገር ሊያሳብደኝ ነው። ጋሽ ገብረ መድኅን ሲመሰክሩ እኔ ውጭ ነበርኩ፤ የምስክር ነገር ሆኖ አንዱ የአንዱን አይሰማም። ሲወጡ የድርጅቱ ጠበቃ ፊቱ እንደ ሎሚ ተጨማዶ ነበር። እሳቸውን ብጠይቃቸው «የማውቀውን ተናገርኩ አልኩሽ እኮ» ብለው ዘጉኝ። ውስጥ ምን ተባለ? ብትጽፊልኝ። ባትጽፊም ይገባኛል።

ማርቲ

———

ቡታጅራ አካባቢ
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም

ማርቲ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ።

ፍርዱን ሰምተሽ ይሆናል። ታኅሣሥ 30 ተነበበ፤ ከገና ማግስት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ልጽፍልሽ እያሰብኩ ነው። አንዴ ተናድጄ እጀምራለሁ፣ አንዴ ሳልናደድ፤ ሁለቱም ውሸት እየመሰለኝ እተወዋለሁ። ዛሬ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

ጋሽ ገብረ መድኅንን የጠራቸው ድርጅቱ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ጠበቃው ላሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የጣሊያን ነው ይባላል፤ እኔም ከጣሊያን ነው የሰማሁት። ልቀቅ፣ ተው ማለት ነው።»

«እንግዲያው ተባረርሽ ማለት አይደለም?»

«ልጨርስ እንጂ!» አሉት። ዳኛው ይጨርሱ አሉ።

«የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ተቀጠርኩ። በገባሁ በወሩ መኪና ሥር ሆኜ ማንሻውን ክሪክ ይዤ ሳለሁ ሰውዬው ‹ላሻ!› ብሎ ጮኸብኝ። ክሪኩን ልቀቅ ማለቱ ነው ለካ፤ ሊያመልጠኝ ነበር። እኔ ግን የተባረርኩ መሰለኝ። ወጣሁ፤ ልብሴን ቀየርኩ፤ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ራሱ መኪናውን እየነዳ፣ ሰፈሬን ሰው እየጠየቀ መጣ። ‹ክሪኩን ልቀቅ አልኩህ እንጂ እኔን ልቀቅ መቼ አልኩህ?› አለኝ። ይዞኝ ሄደ፤ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁለት።»

ከዚያ ወደ አቶ አስረስ ዞሩ። «ሸሚዙን ልቀቂ ብለሃት ከነበረ፣ ልጅቷን ፍለጋ ማን ሄደ?» አሉት። ጠበቃው ምስክር አይጠይቅም ብሎ ተነሣ፤ ዳኛውም አስቆሟቸው። ግን ተብሎ አልቋል። እሳቸው እንዳልገባቸው ሆነው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ፍርዱ ሲነበብ ብዙው አልገባኝም፤ ልዑልቃል ነው ኋላ ያስረዳኝ። አንዱን ግን እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃሉ ከየትም ይምጣ፣ በሰው ፊት በሩን እያሳዩ ሲናገሩት ሠራተኛዋ ተባረርኩ ብላ ብትረዳው አይፈረድባትም፤ ማጣራት የነበረበት የተናገረው ሰው ነው አሉ። ቀጥለውም «በማግስቱ የት ናት ብሎ ከጠየቀ፣ ቀረች ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጊዜ መደወል ይችል ነበር» አሉ። ወደ ሥራዬ እንድመለስ ተፈረደ።

ኢስማኢል እጄን ጨበጠኝ። እኔ ግን ልክ «አንድ ጊዜ መደወል ይችል ነበር» ሲሉ አቶ አስረስን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት አንቺን ነው። ለእሱ ምኑም አይደለሁም፤ ባይደውል አይገርመኝም። አንቺ ግን የብርድ ልብሴን ግማሽ ለብሰሽ የተኛሽ ሰው ነሽ።

ደረጃው ላይ መቆምሽን አውቄያለሁ። ኮቴሽን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ያልዞርኩት ሆዴ ሁለት ስለሆነብኝ ነው። ያንን ሁሉ በሰው ፊት ለመናገር ማን እንደሚደፍር አላውቅም፤ እኔ በቦታሽ ብሆን የምደፍር አይመስለኝም። እንዲያ እያሰብኩ ሳለ ደግሞ «አፌ ላይ ቀለለኝ» ያልሽው ይመጣብኛል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጫ ቦታ አላገኘሁም እስካሁን። ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ይቅር አልልሽም ብልም እዋሻለሁ።

ሥራ የምጀምረው ሰኞ ጥር 19 ነው። የቀድሞ ቦታዬን ነው የሰጡኝ። ቁልፉ መኪና ላይ የተጣመመ ሥራ ካየሁ ፍቺና ድገሚው እልሻለሁ፤ ሆድሽ ቢቆስልም እልሻለሁ። ምሳ ለጊዜው አብረን አንበላም። የምኖረውም ጀሞ አክስቴ ዘንድ ነው፤ ፍራሼን ግን እንዳትሰጪብኝ፤ ኢስማኢል ሲመጣ ይወስደዋል፣ ወይም እንደተደገፈ ይቆያል፤ አላውቅም።

የምመጣው እሑድ ነው። መጥተሽ ተቀበይኝ አልልሽም። ሱልጣን ስምንት ሰዓት ላይ ጀሞ ያወርደኛል፤ እናቴ ግማሹን የዓመት በርበሬ ጭናብኛለች፤ ሻንጣው ለአንድ ሰው ይከብዳል።

ሐሚዳ